እናቴ የምትተኛባቸው እሁዶች

ልጅ እያለሁ እሁድ የራሱ ሽታ ነበረው። የወይራ ጭስና የእርጎ ሽታ ነው፤ ከእናቴ ሻሽና ከቀሚሷ እጅጌ ላይ ታጥቦም የማይለቅ። በደሴ ብርድ፣ ከአክስቴ ቤት አጥር ሥር ቆሜ እናቴ ከሩቅ ስትመጣ ሳያት፣ ገና አጠገቤ ሳትደርስ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባ ነበር። እውነት ይግባ አይግባ እንጃ፤ ከልጅ አፍንጫ ጋር ማን ይከራከራል። ብቻ ዛሬም አንዲት የገጠር ሴት የወተት ቅሏን አዝላ ባጠገቤ ካለፈች፣ ሰኞም ይሁን ሐሙስ፣ ለኔ ቀኑ እሁድ ይሆናል።

እናቴ ዘሃራ ኮምቦልቻ ላይ፣ ከአሰብ የሚመጣው መንገድ ከተማውን በሚነካበት በኩል እርጎ ቤት ነበራት። እርጎ ቤት ስል ዛሬ የምናውቀው ዓይነት፣ መስታወትና ማቀዝቀዣ ያለው እንዳይመስላችሁ። በጭቃ የተመረገ አንድ ክፍል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ከጀርባው ደግሞ እኔና እሷ የምንተኛበት ጓዳ፤ ይኸው ነው። የደርግ ጊዜ ነው። አባቴ ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ሲጠፋ እናቴ የዘመድ ቤት መዞሩን አልወደደችውም። ከእናቷ የወረሰችው ሙያ እርጎ ነበርና እሱን ይዛ መንገድ ዳር ወጣች።

ደንበኞቿ የከባድ መኪና ሾፌሮች ነበሩ። ከአሰብ ተነስተው የአፋር በረሃ ሙቀት ሲቀቅላቸው የመጡ፣ ዓይናቸው የቀላ፣ ድምፃቸው የሻከረ ሰዎች። መኪናቸውን ዳር አስይዘው ይገቡና ሳይናገሩ አግዳሚው ላይ ዘፍ ይላሉ። እናቴም ሳትጠይቅ በትልቁ ብርጭቆ ወፍራሙን እርጎ ከዳቦ ጋር ታቀርባለች። ጭልጥ አድርገው ጠጥተው በረዥሙ ሲተነፍሱ፣ "አልሐምዱሊላህ" የሚሉ ነበሩ፣ "ተመስገን" የሚሉም ነበሩ። እናቴ በአንድ ነገር በጣም ትኮራ ነበር፤ "እርጎ አለ?" ብሎ የሚገባ ሰው የለም። መኖሩ ስለሚታወቅ የሚጠይቅ አልነበረም።

እርጎ ለማያውቀው ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። ወተት ነው፣ ራሱ ይረጋል፣ ምን ሥራ አለው ትሉ ይሆናል። ሥራው ያለው ቅሉ ላይ ነው። እርጎው ያለቀበት ቅል በግራዋ ቅጠል ውስጡ ይፈተጋል፣ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ የወይራ ፍም ገብቶበት ይታጠናል። አንድ ቅል በደንብ ካልታጠነ እርጎው ይጎመዝዛል፣ ሰውም ዝም ብሎ ጠጥቶ ሁለተኛ አይመለስም። ሌላው ጣጣ ደግሞ ዛሬ የሚጠጣው የዛሬ ሥራ አለመሆኑ ነው። ከትናንት ወዲያ የገባ ወተት ነው ዛሬ የሚቀዳው። ዛሬ ከገጠር ሴቶቹ ያልተቀበልሽው ወተት ዛሬ አያሳጣሽም፤ ከነገ ወዲያ ነው ባዶ ቅል ታቅፈሽ የምትቀመጪው። ለዚህ ነው እናቴ ከጎተራችን ጎን ባለው መደርደሪያ ላይ ቅሎቹን በተርታ ታስቀምጥ የነበረው፤ በቀኝ የዛሬ፣ በመሃል የነገ፣ በግራ የከነገ ወዲያ።

ግራዋው እጇን ይሰነጣጥቀው ነበር። ትኩሳት ይዟት እንኳ ተነስታ ስትፈትግ ጎረቤታችን ከድጃ ትቆጣታለች። "አንቺ ዘሃራ፣ አንድ ቀን ብታርፊ ምን ትሆኛለሽ? ወላሂ ትሞቻለሽ።" እናቴ ቀና ሳትል "ዊርዴ ነው" ትላለች፣ "ዊርድ ይቋረጣል እንዴ?"

ይህችን ቃል የሰማሁት መጀመሪያ በዚህ መልክ ነው። ዊርድ ማለት ለኔ ቅል መፈተግ ማለት ነበር። እጅ የሚሰነጥቅ፣ ታሞም የማይቀር፣ ሲያበቃ ደግሞ እንደገና የሚጀምር ሥራ። የሃይማኖት ቃል መሆኗን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ጦርነቱ እየከረረ ሲመጣ መንገዱ የወታደር መኪና በዛበት። ሾፌሮቹ አክባሪዎች ነበሩ፣ በዚያ ላይ አብዛኞቹ የልጆች አባቶች ናቸው፤ ግን መንገድ ዳር መንገድ ዳር ነው፣ ከነሱ ሌላም ብዙ ዓይነት ሰው ይገባል ይወጣል። እናቴ አንድ ቀን አንዱ የማታውቀው ሰውዬ እጄን ይዞ "ይቺ ደግሞ የማን ናት?" ሲል አየች። ሰውዬው ከዚያ በላይ ምንም አላደረገም። በዚያው ሳምንት ግን ልብሴን ቋጥራ፣ በአንድ የምታውቀው ሾፌር ጋቢና አሳፍራ ደሴ ወሰደችኝ።

እትዬ ሉባባ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሰኞ ገበያ ሠፈር፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ጠዋት ጠዋት ቤት ድረስ የሚገባበት ቦታ ላይ ይኖሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ጋሽ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሲንጀር መኪናቸውን መንገድ ላይ በሚከፈተው ክፍል አቁመው ቀኑን ሙሉ ይረግጣሉ፣ በቀን ውስጥ የሚናገሩት ቃል ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሁለቱም እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የያዙኝ። እትዬ ሉባባ ሹራብ ሠሩልኝ፣ ጋሽ እንድሪስ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለአሻንጉሊቴ ካፖርት ሰፉላት። ዓለሜን አየሁ ማለት እችል ነበር፣ እናቴን ባላስብ።

እናቴ ስትለየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። "እሁድ እሁድ እመጣለሁ" አለችኝ። የትኛው እሁድ አላለችም፤ እሁድ እሁድ ነው ያለችው። እውነትም መጣች። እሁድ ጠዋት ወተቷን ተቀብላ፣ ቅሎቿን ሞልታ፣ ቀሪውን ለከድጃ አደራ ብላ፣ ዳገቱን በሚወጣው አውቶቡስ ወይም ካገኘች በከባድ መኪና ትመጣለች። እኔ የቁርአን ትምህርቴን እንደጨረስኩ አጥሩ ሥር እቆማለሁ። እኩዮቼ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ፣ አባሮሽ ሲጫወቱ ይጠሩኛል። "ዛሬ እናቴ ትመጣለች" እላቸዋለሁ፣ እንደ ሥልጣን ቆጥሬው።

ትመጣለች። ታቅፈኛለች፣ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ እጄን ትስማለች። ከእትዬ ሉባባ ጋር ሰላምታው ይረዝማል፤ ስለ ኑሮው፣ ስለ አባቴ ወሬ መጥፋት። ከዚያ መደቡ ላይ ከጎኔ ትቀመጥና ስለ ትምህርቴ ትጠይቀኛለች። እኔ የሳምንቱን ሁሉ አጠራቅሜ ይዣለሁ። አስተማሪያችን ማንን እንደቀጣ፣ ሰንደቅ ዓላማ ስንሰቅል ማን ግጥሙን እንደረሳ፣ የጎረቤታችን ድመት የት እንደወለደች። መናገር እጀምራለሁ። ግማሽ ሳልደርስ እናቴ ተኝታለች።

እንዲያ ነበር የምትተኛው፣ ቁጭ እንዳለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጄን በእጇ እንደያዘች። እትዬ ሉባባ ቀስ ብለው ትራስ ያደርጉላትና ጋቢ ያለብሷታል። እኔ ሻካራ መዳፏ ውስጥ እጄን እንደተውኩ ወሬዬን ለራሴ እጨርሰዋለሁ። ከውጭ የልጆቹ ጫጫታ ይሰማል። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ በሩ ስትሄድ አያለሁ። በሩ ጋ ስትደርስ እናቴ የምትሄድበት ሰዓት ደርሷል ማለት ነው።

ብንን ስትል መጀመሪያ የምታየው በሩን ነው። ሰዓቱን ከብርሃኑ ታውቀዋለች። ፊቷ ላይ የማየውን ነገር በዚያን ጊዜ ስም ልሰጠው አልችልም ነበር፤ አንድ የሰው ዕቃ በእጇ ላይ የተሰበረባት ሴት ፊት ነበር። "ወይኔ፣ ዛሬም?" ትላለች። "ሐዩዬ፣ ለምን አልቀሰቀስሽኝም?" ፀጉሬን በጥድፊያ ታበጥራለች፣ ጥፍሬን ትቆርጣለች፣ ያመጣችውን ትሰጠኛለች፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። እስከ መናኸሪያው ስሸኛት ደግሞ መንገዱን ሁሉ ቃል ትገባለች። "በሚቀጥለው አልተኛም ኢንሻአላህ። አይተሽ ትፈርጂኛለሽ።" በሚቀጥለውም ትተኛለች።

እኔ ደግሞ አኮርፍ ነበር። የማታየኝ ከሆነ ለምን ትመጣለች እያልኩ። መቀስቀስ ግን አልሆነልኝም፤ ሳያት ታሳዝነኛለች፣ ካኮረፍኩ በኋላ ደግሞ ራሴን እጠላለሁ። አሁን ሳስበው እዚያ ቤት ውስጥ ያለነው ሁሉ የሆነ ጥፋት ተሸክመን የምንዞር ነበር የምንመስለው። እናቴ ስለተኛች፣ እኔ ስለማኮርፍ፣ እትዬ ሉባባ ደግሞ እናቴ ባትመጣ ደስ ስለሚላቸው። የሳቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው።

አንድ እሁድ እናቴ ከእንቅልፏ ነቅታ ፊቷን ስትታጠብ እትዬ ሉባባ አጠገቧ መጥተው ቁጭ አሉ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ደብተሬን እሸፍን ነበር።

"ዘሃራ፣ የምነግርሽን በክፉ አትይብኝ" አሉ። "ራስሽን ገደልሽ እኮ። እዚያ ትለፊያለሽ፣ እዚህ መጥተሽ ትወድቂያለሽ። ልጅቷም አትጠግብሽ፣ አንቺም አትጠግቢያት። ልጅቷን ለኔ ተዪልኝ። የወንድሜ ደም ናት፤ እንደ ወለድኳት አድርጌ አሳድጋታለሁ። ለዒድና ለአረፋ ትመጫለሽ፣ በሰላም ሥራሽን ትሠሪያለሽ።"

እናቴ እጇን በፎጣ የምትጠርግበት ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ። እኔ መልሱን ጠበቅሁ። እትዬ ሉባባ የተናገሩት በኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። ልጅ ላልወለደ ወንድም ወይም እህት ልጅ መስጠት የነበረ ነው፤ የተሰጠውም ልጅ ያሳደገውን "እናቴ" ብሎ ይጠራል፣ የወለደችው ደግሞ ቀስ በቀስ እንደ እንግዳ ትሆናለች። ትምህርት ቤት አብራኝ የምትማር አንዲት ልጅ ወላጅ እናቷን "እቴቴ" ስትል ሰምቼ አውቃለሁ።

"እትዬ ሉባባ" አለች እናቴ በመጨረሻ፣ "ውለታዎን አላህ ይክፈልዎት። እሷ ግን ዊርዴ ናት። ዊርዴን አላቋርጥም።"

ያኔ ሌላ ልጅ ብትሆን ደስ ይላት ነበር። እኔ ግን ልቤ ስንጥቅ አለ። ዊርድ የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ እሱም ቅል መፈተግ ነው። ታዲያ እኔም ለእናቴ ከቅሎቹ አንዷ ነኝ ማለት ነው። በቀኝ የዛሬ፣ በመሃል የነገ፣ በግራ የከነገ ወዲያ፣ እሁድ ደግሞ ሐያት። ስለምትወደኝ ሳይሆን ስለማይቀርላት ነው የምትመጣው ብዬ ደመደምኩ። በዚያን ዕለት መናኸሪያ ስሸኛት እጄን ከእጇ ውስጥ አወጣሁ። አየችኝ፤ ተኝቼ ስለዋልኩ ነው ብላ ሳታስብ አትቀርም።

በቀጣዩ እሁድ እናቴ አልመጣችም። አጥሩ ሥር ቆሜ ቆሜ እግሬ ደነዘዘ። ልጆቹ ጨዋታቸውን ጨርሰው ተበተኑ። ጉሙ ከጦሳ ወረደ። ጋሽ እንድሪስ የልብስ ስፌት መኪናቸውን አቁመው ወጡና ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ተመለሱ። እትዬ ሉባባ እራት አቅርበው፣ "አብሽሪ፣ እናትሽ ሥራ በዝቶባት ነው" አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቀስ በቀስ ትለምጂዋለሽ" አሉ። ከዚያች "ትለምጂዋለሽ" ከምትለው ቃል እናቴ ሐሳቧን እንደቀየረች፣ ለሳቸው እንደሰጠችኝ ገባኝ። ቅል ከሆንኩ ደግሞ ምን ይደረግ፣ አንድ ቅል ቢሰጥ ሌሎቹ አሉ።

ሰኞም ወሬ የለም። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ልጆች ተጋፍተው ይወጣሉ፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ከአጥሩ ውጭ፣ ዘበኛው በሚቀመጥባት ድንጋይ ላይ አንዲት ሴት ቁጭ ብላለች። የሥራ ቀሚስ ነው የለበሰችው፣ እጅጌው እንደተጠቀለለ፣ ግራዋ ያቀለመው። መጀመሪያ ያወቅኋት በእጇ ነው። እናቴ ማክሰኞ ስትመጣ አይቼ ስለማላውቅ የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ።

"ማን ሞተ?" አልኳት።

"ማንም አልሞተ የኔ ዓለም" አለች። ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል። "እሁድን ቀዳ ላወጣ፣ ያለፈኝን ልከፍል መጥቼ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ወታደር የጫነ ኮንቮይ ወደ ሰሜን ሲያልፍ መንገዱ ለሌላ መኪና ተዘጋ። እናቴ እሁድን ሙሉ መንገድ ዳር ቆማ ዋለች፤ ሰኞም እንዲሁ። ማክሰኞ ንጋት ላይ ወደ ደሴ የሚወጣ አንድ መኪና ተገኘ፣ ሾፌሩ ደግሞ "አሁኑኑ ካልሆነ አልቆምም" አላት። ወተት የሚያመጡት ሴቶች ገና አልደረሱም። ከድጃ በሥራ ቀን አትቆምላትም፣ የራሷ ኑሮ አላት። እናቴ ቤቱን ቆልፋ፣ ቀሚስ እንኳ ሳትቀይር ጋቢናው ውስጥ ገባች። ደሴ ስትደርስ እኔ ክፍል ገብቻለሁ። ስለዚህ ጠዋቱን በሙሉ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

ቤት ስንገባ እትዬ ሉባባ ደነገጡ። ነገሩን ሲሰሙ፣ "ለአንድ እሁድ ብለሽ ቤትሽን ዘጋሽ?" አሉ፣ ቁጣም ፍርሃትም ባለበት ድምፅ። "አንድ እሁድ ቢቀር ልጅቷ ምን ትሆን ነበር?"

እናቴ መልስ ሳትሰጥ ከወዲያ ክፍል የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ጋሽ እንድሪስ ክር አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። እሳቸው ወሬ ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ ብርቅ ነውና።

"ተይ ሉባባ" አሉ ሚስታቸውን። "ፈርድ አላህ ያዘዘው ነው፣ ቢወዱም ቢጠሉም ግዴታ ነው። ዊርድ ግን ማን አዘዘ? እኔ ከሱብሒ በኋላ የምቀራውን ዊርድ ዛሬ ብተወው የሚጠይቀኝ የለም። ወድጄ በራሴ ላይ ያደረግሁት ነው፤ ወድጄ ስለያዝኩት ነው ሲያመልጠኝ ሆዴን የሚበላኝ። ይቺም ሴት ልጇን እንዲያ አድርጋ ነው የያዘቻት።" ይህን ብለው ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

ጋሽ እንድሪስ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ለረዥም ጊዜ ሲያነበንቡ እሰማ ነበር። ሶላታቸው የሚረዝም ነበር የሚመስለኝ። ዊርድ ያ መሆኑን፣ ማንም ሳያዝ ሰው ከፍቅሩ የተነሳ በራሱ ላይ የሚጥለው የየዕለት ምስጋና መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እናቴ ቃሏን ለእርጎዋ ስታውል ቀልድ ነበር የያዘችው፣ ለኔ ስታውላት ግን ቀልድ አልነበረም። ሄጄ ጭኗ ላይ ተቀመጥኩ፤ ለዚያ ትልቅ ነበርኩ፣ እግሬ መሬት ይነካል። ምን እንዳገኘኝ አልገባትም። ያን ማክሰኞ እናቴ አልተኛችም። የድመቷንም፣ የአስተማሪያችንንም ወሬ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ እንዲያውም መሃል ላይ እየጠየቀች። እትዬ ሉባባ ጀርባቸውን አዙረው ድስት ሲያማስሉ ቆዩ። እኔን ስለ መውሰድ ሁለተኛ አላነሱም፣ እናቴም ሁለተኛ አላስታወሰቻቸውም።

ዋጋው የመጣው ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ያልገባ ወተት ሐሙስ ባዶ ቅል ሆነ። መንገድ ተዘግቶባቸው የከረሙት ሾፌሮች በአንድ ላይ ተግተልትለው የደረሱት ደግሞ ያን ዕለት ነው። አግዳሚው ሞላ፣ እናቴ የምታቀርበው የለም። አንዱ ከበር ሆኖ "እርጎ አለ?" አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቀች። ከፊሎቹ ትንሽ ወረድ ብላ አዲስ ወደከፈተች ሴት ሄዱ፤ ከሄዱት ውስጥ ያልተመለሱ ነበሩ። ይህን ለኔ የነገረችኝ አድጌ ነው፣ እየሳቀች። በዚያ ዓመት ግን መደርደሪያው ላይ የቅሉ ተርታ ማጠሩን፣ እሷም መክሳቷን በክረምቱ እረፍት ስወርድ አይቻለሁ። በኔ ምክንያት መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ ያወቅሁት ይመስለኛል፤ ምሳ ሲቀርብልኝ ጠግቤያለሁ እያልኩ እተው ነበር።

ከዚያ በኋላ እናቴ አንድ ነገር አደረገች። ዓርብ ወተት መቀበል ተወች። ዓርብ ካልገባ እሁድ አይኖርም፤ እሁድ ካልኖረ የሚጠብቃት ሾፌር የለም። "እሁድ የለም" ብላ ለሁሉም ነገረች። ሾፌሮቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ቀስ በቀስ ለመዱ። ከስድስቱ ቀን ግን አንዷንም አላጓደለችም። የእርጎ ቤቱ እንደ ድሮው ትልቅ አልሆነም፤ ግን አልተዘጋም፣ እኔን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ አበቃኝ። እሁድ እሁድም መምጣቷ አልቀረም፤ ትምህርቴን እስከምጨርስ ድረስ መጣች። መተኛቷንም አልተወችም። እኔ ነኝ ማኩረፌን የተውኩት።

አሁን እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። የዳቦና የኬክ ቤት አለኝ፤ ሠራተኞች አሉኝ፣ ማቀዝቀዣ አለኝ፣ ዱቄት በስልክ ይታዘዛል። "ሐያት አንድ ቀን ዘግታ አታውቅም" ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። በቅርቡ ነጋዴ ሴቶች በተሰበሰቡበት ስለ ሥራዬ እንድናገር ጠርተውኝ ነበር። ልጅ እያሳደጉ ሥራን ሳያቋርጡ መያዝ እንዴት ይቻላል ብለው ጠየቁኝ። ማልዶ መነሳትን፣ ሰው ማመንን፣ ምኑን ምኑን ነገርኳቸው። አጨበጨቡልኝ። ፊቴን ያቃጠለኝ ግን ጭብጨባው አልነበረም፤ ከጥያቄው ውስጥ የመለስኩት የሥራውን ግማሽ ብቻ መሆኑን ማወቄ ነው።

እናቴ ከመሞቷ በፊት፣ አልጋ ላይ ሳለች፣ አንድ ቀን እጄን ይዛ "አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አለችኝ። ስለምኑ ነው ስላት፣ "እነዚያን እሁዶች ተኝቼብሽ" አለች። ይህን ሁሉ ዓመት ይዛው ኖራለች። እኔ የቀረብኝ ነገር እንደሌለ ነገርኳት፣ ብትተኛም እጄን እንዳልለቀቀች ነገርኳት፤ ያመነችኝ አይመስለኝም።

የኔ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። በመካከላችን የደሴ ዳገት የለም፣ መንገድ የሚዘጋ ኮንቮይ የለም፤ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የምናድረው። ስትፈልገኝ ትደውልልኛለች፣ እኔም "መጣሁ" እላታለሁ፣ ከዚያ አንድ ደንበኛ ይመጣል፣ ወይ ምድጃው ይበላሻል፣ ወይ የሠርግ ኬክ ይታዘዛል። በቀደም ቤት ስገባ እራቷን በልታ ሰሃኗን አጥባ አገኘኋት። "ምናለ ብትጠብቂኝ?" አልኳት፣ ወቀሳ ቢጤ። ልጄ ቁጣም ኩርፊያም በሌለበት ድምፅ፣ "እማ፣ መቼ እንደምትመጪ መች ይታወቃል?" አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

እዚያው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እኔ በልጅነቴ ቆሜ የጠበቅሁት፣ ቆሜ ያኮረፍኩት ቀን ነበረኝ። እሷ አኩርፋ እንኳ አታውቅም። አፉ በይኝ ልላት ቀረብኳት። እናቴ ይቅርታ የጠየቀችበት ቀን ስም ነበረው፤ እኔ ግን የቱን ቀን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።